ያለ ቢግ ብሎክ መስል ካር የለምን? ነጥብ በነጥብ የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አሜሪካ የድሮ መስል ካሮች (ጉልበተኛ ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ስላላቸው ፈጣን መኪኖች) የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ መስል ካር ማለት ቢግ ብሎክ ሞተር ነው፤ ስሞል ብሎክ የተገጠመለት ካማሮ፣ ኖቫ ወይም ማስታንግ ያለው ሰው ሞተሩን አውርዶ ቢግ ብሎክ ቢሰቅል በሁለት ቀን ሥራ ጉልበቱን እጥፍ ያደርጋል፤ የመኪናው ዋጋም ይጨምርለታል። ጸሐፊው ለእነዚህ መኪኖች ያላቸው ፍቅር ከጽሑፉ ይነበባል። ስለ ቶርክ (ሞተሩ ስለሚያወጣው የማዞር ኃይል) ካሉት ውስጥም እውነት አለ፤ እሱንም ሳንሸሽግ እንናገራለን። ነገር ግን ይህን ምክር አምኖ ደህና ሞተሩን የሚያወርድ ሰው አይጠፋምና ነጥቦቹን አንድ በአንድ ማየት ግድ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከ400 በላይ ቢግ፣ ከ400 በታች ስሞል?

ጽሑፉ የሚነሳው ከዚህ ነው፦ የሞተሩ ሲሊንደሮች ጠቅላላ ይዘት ከ400 ኪዩብ ኢንች ከበለጠ ቢግ ብሎክ፣ ካነሰ ስሞል ብሎክ ይባላል ይላል። ቀሪው ስሕተት ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ስለሆነ ከዚሁ እንጀምር። ስሙ የሚናገረው ስለ ብሎኩ አካል ስፋትና ቁመት ነው፤ በተለይ ደግሞ ከአንዱ ሲሊንደር መሐል እስከ ጎረቤቱ ሲሊንደር መሐል ስላለው ርቀት። በሼቭሮሌት ስሞል ብሎክ ይህ ርቀት 4.40 ኢንች ነው። በ1955 በ265 ኪዩብ ኢንች ከወጣው ጀምሮ 283ቱም፣ 327ቱም፣ 350ውም ይህንኑ ይዘዋል። በ1965 የመጣው የማርክ 4 ቢግ ብሎክ ግን 4.84 ኢንች አለው። ርቀቱ ሲሰፋ ሲሊንደሩም ቫልቩም የሚሰፉበት ቦታ ያገኛሉ።

የጽሑፉን መስፈሪያ በእውነተኛ ሞተሮች ላይ እንሞክረው። የሼቭሮሌት ማርክ 4 ቢግ ብሎክ ሲጀመር 396 ነበር፤ በ1970 የወጣው ትልቁ ስሞል ብሎክ ደግሞ 400 ነው። ክራይስለር 360 የሚባል ስሞል ብሎክ እና 361 የሚባል ቢግ ብሎክ ሠርቷል። የፎርድ 351 ዊንዘር ስሞል ብሎክ ሲሆን የኤፍኢ ቤተሰብ የሆነው 352 ቢግ ብሎክ ነው። የአንዲት ኪዩብ ኢንች ልዩነት! ፖንቲያክ ጋ ስንሄድ ክፍፍሉ ራሱ የለም፤ ከ326 እስከ 455 ያሉት የዚያ ዘመን ሞተሮቹ በውጭ መጠናቸው አንድ ዓይነት ናቸው።

ነገሩ ገዢን ኪስ የሚነካ ነው። ሼቭሮሌት ከ1970 ጀምሮ ሁለት የተለያዩ ሞተሮችን «400» ብሎ ሸጧል፦ ስሞል ብሎኩን ቱርቦ-ፋየር 400፣ በእርግጥ 402 ኪዩብ ኢንች የሆነውን ቢግ ብሎክ ደግሞ ቱርቦ-ጄት 400 በሚል ስም። «400 ሞተር አለው» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ የቫልቭ ክዳኑን ቡሎኖች ይቁጠር። በአንዱ ክዳን ላይ 4 ቡሎን ካለ ስሞል ብሎክ ነው፤ 7 ካለ ቢግ ብሎክ። ክዳኑ በደንብ ካልታየ የጭስ መውጫዎቹን ከጎን ማየት ነው። በስሞል ብሎክ መሐል ያሉት ሁለቱ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይታያሉ፤ በቢግ ብሎክ አራቱም እኩል ተራርቀው ተደርድረዋል።

450 ከ255 ጋር

የጽሑፉ ትልቁ ማስረጃ የፈረስ ጉልበት ንጽጽር ነው። የ1970 ሼቬል ኤልኤስ6 454 ሞተር 450 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው የ1972 ኮርቬት ኤልቲ-1 350 ግን 255 ብቻ ነው፤ ስለዚህ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል ይላሉ። ሁለቱም ቁጥሮች ከፋብሪካ የወጡ ናቸው። ችግሩ የተለኩበት ሚዛን መለያየቱ ነው።

እስከ 1971 ድረስ የሚታተመው ቁጥር ጥቅል ልኬት ነበር። ሞተሩ ብቻውን መሞከሪያ ላይ ተቀምጦ፣ የአየር ማጣሪያም ማርሚታም ሳይኖረው፣ ዲናሞና ማራገቢያ ሳይጎትት፣ የእሳት ሰዓቱ ለከፍተኛ ውጤት ተስተካክሎ ይለካ ነበር። ከ1972 ጀምሮ የታተመው የተጣራ ልኬት ነው፤ ሞተሩ መኪናው ላይ ሲሰቀል የሚሸከመውን ሁሉ ተሸክሞ። በ1971 ጄኔራል ሞተርስ ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን ስላወጣ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። የዚያ ዓመት ኤልኤስ5 454 በጥቅል 365፣ በተጣራ 285 ነው። አንድ ብሎን ሳይፈታ 80 የፈረስ ጉልበት ከወረቀት ላይ ጠፋ ማለት ነው። በ1971 በዝቅተኛ ኦክቴን እንዲሠሩ ሲባል የሞተሮቹ የመጨመቂያ መጠን መውረዱም በላዩ ላይ አለ። ትክክለኛው ንጽጽር 1970ን ከ1970 ጋር ነው፦ ኤልኤስ6 450፣ ኮርቬት ላይ የተገጠመው ኤልቲ-1 ደግሞ 370።

ቶርኩን ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ኤልኤስ6 በደቂቃ በ3,600 ዙር 500 ፓውንድ-ፉት (678 ኒውተን ሜትር) ይሰጣል፤ ኤልቲ-1 በ4,000 ዙር 380 ፓውንድ-ፉት (515 ኒውተን ሜትር)። እያንዳንዱን በኪዩብ ኢንቹ ሲያካፍሉት አንዱ 1.10፣ ሌላው 1.09 ይመጣል። ሁለቱም ከአንድ ኪዩብ ኢንች የሚያወጡት እኩል ነው ማለት ይቻላል። ቢግ ብሎኩ የበለጠው ስለተለቀ ብቻ ነው። ይህን 1.1 የሚል ቁጥር መያዝ ይጠቅማል፤ በካርቡራተር የሚሠራ በደንብ የተገጠመ የመንገድ ሞተር ቶርኩ ኪዩብ ኢንቹ ሲባዛ በ1.1 አካባቢ ይሆናል። 350 ሞተር ላይ 500 ፓውንድ-ፉት እንደሚያወጣ ቃል የሚገባ ሰው ከገጠማችሁ ተርቦ ወይም ናይትረስ ካላሰበ በቀር ሒሳቡ አይገጥምለትም።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትም ቦታ ይኸው ነው። ከ2,000 ዙር ጀምሮ የሚገፋ ጉልበት ለሚፈልግ፣ በተለይ እንደ ሼቬል፣ እንደ ኢምፓላ ያለ ከባድ መኪና በአውቶማቲክ ካምቢዮ ለሚነዳ ሰው፣ 100 ኪዩብ ኢንች ልዩነትን በካምሻፍት (ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ) ብልሃት ማካካስ አይቻልም። ስሞል ብሎኩ ያንን የፈረስ ጉልበት በዙር ያመጣዋል፤ ለዚያም አጠር ያለ፣ ማለትም ቁጥሩ ከፍ ያለ የዲፈረንሺያል ጥርስ ይፈልጋል።

ክብደቱ «አይታወቅም»

ጽሑፉ ልዩነቱ 20 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ማንም አይሰማውም ይላል። ቴስታታውም (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚደፍነው ክፍል) ብሎኩም ብረት የሆነ የሼቭሮሌት ስሞል ብሎክ ሙሉ ሆኖ 260 ኪሎ ግራም ያህል፣ ቢግ ብሎክ 310 ያህል ይመዝናል። ልዩነቱ 50 ኪሎ ነው፤ እሱም ብቻውን አይመጣም። ከኋላው የሚከተለው ተለቅ ያለ ራዲያቶር፣ ጠንከር ያለ የፊት ሞላና ቱርቦ 400 የሚባለው ከባዱ አውቶማቲክ ካምቢዮ አለ። ይህ ሁሉ የሚያርፈው በአብዛኛው የፊት ጎማ ላይ ነው። እንደ ካማሮና ኖቫ ባሉ ቀለል ያሉ መኪኖች መታጠፊያ ላይ አፍንጫው ወደ ውጭ ይገፋል፤ ፍሬን ሲያዝም ፊቱ ይበልጥ ይሰግዳል። ሼቭሮሌት ራሱ በ1967 ዚ/28 የተባለውን ካማሮ ለትራንስ-አም ውድድር ሲያዘጋጅ የ5 ሊትሩን ገደብ ለማሟላት የ327ን ብሎክ ከ283 ክራንክ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ጋር አጋብቶ 302 ሠራ። ያ መኪና በመታጠፊያ ያተረፈው ስም ከዚህ ክብደት ነፃ ከመሆኑ የመጣ ነው።

መፍትሔ የለውም ማለት ግን አይደለም። የቢግ ብሎክን ሁለት የብረት ቴስታታ በአሉሚኒየም መቀየር ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ያወርዳል፤ የአሉሚኒየም ማኒፎልድ ሲጨመርበት ልዩነቱ አብዛኛው ይጠፋል። ጽሑፉ የአሉሚኒየም ቴስታታን «ለማሳያ የሚገዛ ጌጥ» ማለቱ ያሳዝናል፤ ቢግ ብሎክ በቀላል መኪና ላይ ለሚሰቅል ሰው መጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው እሱ ነው።

የሁለት ቀን ሥራ

እዚህ ላይ ነው ሰው ገንዘቡንም መኪናውንም የሚያጣው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

በሼቭሮሌት ብዙ ነገር መገጣጠሙ እውነት ነው። ካምቢዮው የሚታሰርበት የቡሎን አቀማመጥ አንድ ነው፤ በብሎኩ ጎን ያሉት የሞተር መያዣ ቀዳዳዎች አንድ ናቸው፤ ዲስትሪቢዩተሩ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ላይ ይገባል። ጸሐፊው የቆሙት እዚህ ላይ ነው። የማይገጥመው ዝርዝር ግን ከዚህ ይረዝማል። በካማሮ ሻንሲው ላይ ያሉት የሞተር መቀመጫዎች ይለያያሉ። የጭስ ማውጫው፣ የውኃ ፓምፑ፣ ፑሊዎቹና የዲናሞ መያዣዎቹ ሁሉ የቢግ ብሎክ መሆን አለባቸው። የማሞቂያው ሳጥን ከቀኙ የቫልቭ ክዳን ጋር ስለሚጋፋ በብዙ መኪኖች ይቀየራል። የ5/16 ኢንች የነዳጅ ቱቦ ለ454 ስለሚጠብ በ3/8 ይተካል፤ ይህ ከተዘነጋ መኪናው ከሥር ደህና ይነሳና በሙሉ ነዳጅ ሲረገጥ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ይተነፍሳል፤ ሰውም ካርቡራተር ሲፈታ ይውላል። ከኋላ ደግሞ ባለ 10 ቡሎኑ 8.2 ኢንች ዲፈረንሺያል የሚይዝ ጎማ ተገጥሞበት 500 ፓውንድ-ፉት ሲደርስበት ብዙ አይቆይም። ፋብሪካው ለቢግ ብሎክ መኪኖቹ ባለ 12 ቡሎኑን 8.875 ኢንች የገጠመው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋውና ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው የቮላኖ (ከክራንክ ሻፍቱ ጀርባ የሚታሰረው ክብ ብረት) ሚዛን ነው። 396፣ 402 እና 427 በውስጥ የተመዘኑ ናቸው፤ ክራንክ ሻፍቱ ራሱ ሚዛኑን ይጠብቃል። 454 ግን በውጭ የተመዘነ ነው፤ ከፊት ያለው ባላንሰርና ከኋላ ያለው ቮላኖ ተጨማሪ ክብደት ተሸክመው ነው ሚዛኑ የሚሞላው። በስሞል ብሎክም 350 በውስጥ፣ 400 በውጭ ነው። አሁን የቡሎኑ ቀዳዳ ስለገጠመለት ብቻ የ350ውን ቮላኖ 454 ላይ ያሰረ ሰው ምን ይገጥመዋል? ሞተሩ በባዶ ሲዞር ሰላም ይመስላል። ዙሩ ሲጨምር መሪውና ወለሉ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ሰውዬው ካርዳኑን ይጠረጥራል፣ ጎማ ያስመዝናል። ውሎ ሲያድር የኋለኛው ዋና ብሮንዚን ይበላል፤ በአውቶማቲክ ከሆነ ቮላኖው መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ባላንሰሩና ቮላኖው ሁልጊዜ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር አብረው ይገዛሉ።

ወደ ፎርድና ክራይስለር ስንመጣ «የቡሎኑ ቀዳዳ አንድ ነው» የሚለውም ይቀራል። የፎርድ ኤፍኢ እና የዊንዘር ስሞል ብሎክ የካምቢዮ መያዣ ፈጽሞ አይገናኝም። የክራይስለር ኤልኤ ስሞል ብሎክና 383 ወይም 440ም እንዲሁ፤ ካምቢዮውን ወይም መያዣውን መቀየር ግድ ነው፤ እንደ ሞላ የሚያገለግለው የፊት ቶርሽን ባርም መወፈር አለበት። የ1965 እና የ1966 ማስታንግ የሞተር ክፍሉ ለኤፍኢ አይበቃም፤ ፎርድ 390ን ለማስገባት በ1967 መኪናውን ማስፋት ነበረበት። ከሰፋም በኋላ ኋለኛ ካንዴላዎቹን ለመፍታት እጅ መግቢያ አያገኝም።

383 «ቶሎ የሚሰበር ማጭበርበሪያ» ነው?

ጽሑፉ ስሞል ብሎክን በስትሮክ (ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ በሚሄደው ርቀት) ማሳደግን የሚያጣጥለው ፒስተኑ ረጅም ስለሚሄድ ሞተሩ ይሰበራል በሚል ነው። ስሌቱን እንሥራው። እዚህ 383 የሚባለው (የክራይስለሩ 383 ሳይሆን) የሼቭሮሌት 350 ብሎክ 0.030 ኢንች ተቦርቡሮ ሲሊንደሩ 4.030 ሲሆንና ስትሮኩ ከ3.48 ወደ 3.75 ኢንች ሲያድግ ነው። በ6,000 ዙር የፒስተኑ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 19 ሜትር ይሆናል። 454 ስትሮኩ 4.00 ኢንች ስለሆነ በዚያው ዙር 20.3 ሜትር ነው። ረጅም ስትሮክ ሞተር የሚሰብር ከሆነ ቀድሞ የሚሰበረው ጸሐፊው የሚያወድሱት 454 ነው።

383 የሚበላሸው በአገጣጠም ነው። የተለመዱት ጥፋቶች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ሞተሩ ሳይዘጋ ይታያሉ። ክራንኩ ረጅም ስለሚወረወር የቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ክንድ) ቡሎን ከታች የብሎኩን ጠርዝ፣ ከላይ ካምሻፍቱን ሊነካ ይችላል። ፒስተንና ቢየላዎቹ ገብተው ካምሻፍቱም ከሰንሰለቱ ጋር ተገጥሞ ክራንኩን በእጅ ቀስ ብሎ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር ነው፤ ካምሻፍቱ በግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር አንድ ዙር አይበቃም። በየቢየላው ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ከሌለ ብሎኩ ይሞረዳል፤ ለካምሻፍቱ ደግሞ ቀጠን ያለ ራስ ያለው ቢየላ ይመረጣል። ከተሞረደ በኋላ ብሎኩ በሳሙናና በውኃ ካልታጠበ የብረት ብናኙ ብሮንዚኑን በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል። የቀድሞ ሰዎች የ400ን ክራንክ ወስደው ዋናውን መቀመጫ ከ2.65 ወደ 2.45 ኢንች ቶርኖ ላይ ያስቀንሱት ነበር፤ ዛሬ በ350 ልክ የተሠራ አዲስ ስለሚገኝ ያንን መከተል አያስፈልግም።

ሙሉውን 400 ብሎክ መጠቀም የፈለገ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። የ400 ሲሊንደሮች ተጣብቀው የተቀረጹ ስለሆኑ በመሐላቸው ውኃ አያልፍም፤ እዚያ የሚጠራቀመው እንፋሎት የሚወጣው ብሎኩ አናት ላይ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። የ350 ቴስታታ እነዚህ ቀዳዳዎች የሉትም። በጓርኒሲዮኑ (በብሎኩና በቴስታታው መሐል የሚገባው ማሸጊያ) ልክ ሳይበሱ ከገጠሙት እንፋሎቱ ታምቆ ይቀራል፣ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። ከዚያም «400 ይሞቃል» የሚል ስም ይወጣለታል። የቴስታታ ቡሎኖቹም በስሞል ብሎክ ወደ ውኃው ክፍል ዘልቀው ስለሚገቡ ጥርሳቸው ማሸጊያ ተቀብቶ፣ በሦስት ደረጃ እስከ 65 ፓውንድ-ፉት (88 ኒውተን ሜትር) ይጠበቃሉ።

ትልቅ ካም፣ ትልቅ ቀዳዳ

ጸሐፊው ቢግ ብሎክ ሲገዛ ባለ አራት ማዕዘን የአየር መግቢያ ያለው ቴስታታና የሚገኘው ትልቁ ካምሻፍት ይመረጥ ይላሉ። ለመንገድ መኪና ምክሩ ተቃራኒው ነው። ባለ አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ በዝቅተኛ ዙር አየሩ ይዘገያል፤ ነዳጁ በደንብ አይቀላቀልም፤ ያ የተወደሰው የታች ቶርክም ይሳሳል። ከ6,000 ዙር በታች ለሚኖር 454 ሞላላ ቀዳዳ ያለው ቴስታታ ይሻለዋል። ፒስተን ሲገዛም የቴስታታው የማቃጠያ ክፍል ክፍት ይሁን ዝግ ቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ለክፍት ክፍል የተሠራ ጉብታ ያለው ፒስተን ዝግ ቴስታታ ሥር ቢገባ ከብረት ጋር ይጋጫል።

ካምሻፍቱ ጠፍጣፋ ታፔት (በጉብታው ላይ እየተንሸራተተ ቫልቩን የሚገፋ) ያለው ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ዕድሜውን ይወስናሉ። ጉብታዎቹ ቅባት ተቀብተው፣ ዚንክ የበዛበት ዘይት ተሞልቶ፣ የዘይት ፓምፑ በመሰርሰሪያ ዞሮ ግፊት ከታየ በኋላ ነው የሚነሳው። እንደተነሳ ከ2,000 ዙር በታች ሳይወርድ፣ ዙሩም ከፍ ዝቅ እየተደረገ 20 ደቂቃ ይሠራል። የቢግ ብሎክ ቫልቭ ከባድ፣ ሞላውም ጠንካራ ስለሆነ ጉብታ የሚበላው ከስሞል ብሎክ ቀድሞ ነው። ድርብ ሞላ ካለው ለዚህ ሥራ የውስጠኛው ወጥቶ ይቆያል።

ስለ ነዳጅና ሙቀት

እዚህ ላይ ብዙ አንከራከርም፤ ቢግ ብሎክ የበለጠ ይጠጣል። ግን የዲፈረንሺያሉ ጥርስም ድርሻ አለው። 66 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው ጎማ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዱ 3.31 ጥርስ (ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ካርዳኑ 3.31 ጊዜ የሚዞርበት) ሞተሩን 2,660 ዙር ገደማ ያዞረዋል፤ 4.10 ጥርስ 3,290 ዙር። በ4.10 የሚነዳ 350 በረጅም መንገድ በ3.31 ከሚነዳ 454 ጋር ያለው የነዳጅ ልዩነት ሰው ከሚያስበው በብዙ ያንሳል።

የመጨመቂያውን ነገር ግን ጽሑፉ አደገኛ አድርጎ አቅርቦታል። የ1970ው ኤልኤስ6 11.25 ለ1 ስለነበር እንደዚያው ይገጠም ይላል። ያ መጠን የዚያን ጊዜው እርሳስ ያለበት ነዳጅ የሚሸከመው ነበር። ዛሬ አሜሪካ ማደያ በሚሸጠው 91 ወይም 93 ኦክቴን የብረት ቴስታታ ያለው ሞተር 9.5 ለ1 አካባቢ ቢቆይ ይሻላል፤ አለበለዚያ ዳገት ላይ ይንኳኳና ፒስተን ይሰነጠቃል። ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና ኦሮራ ያሉ ወገኖቻችን ከፍታው 1,600 ሜትር ስለሆነ ትንሽ ይቀልላቸዋል፤ አየሩ ግን ስስ ስለሆነ የባሕር ጠረፍ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር ሲያመጡ ጄቱን (ነዳጅ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ሁለት ወይም ሦስት ቁጥር ዝቅ ማድረግ አለባቸው። ያ ካልተደረገ ካንዴላው በጥቀርሻ ይጠቁራል።

«ዋጋው ይጨምራል»

ይህ የጽሑፉ የመጨረሻ ነጥብ ነው፤ በእኛ እይታ ብዙ ሰው የሚጎዳበትም እሱ ነው። ከ1972 በፊት የአብዛኞቹ ሼቭሮሌቶች የሻንሲ ቁጥር ቪ8 መሆኑን ይናገራል እንጂ የትኛው ቪ8 እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ የሚያውቅ ገዢ ወደ ብሎኩ ፊት ይጎነበሳል። ከቀኙ ቴስታታ ፊት ለፊት፣ ከዲናሞው ወይም ከመያዣው ሥር፣ በዘይት አፈር የተሸፈነች የጣት ያህል የምትረዝም ለጥ ያለች ቦታ አለች። በጨርቅና በቀጭን ማጽጃ ስትጠረግ ፋብሪካው፣ ወሩና ቀኑ፣ ከዚያም የሞተሩን ዓይነት የሚናገሩ ፊደላት ይታያሉ፤ በኋለኞቹ ዓመታት ከመኪናው ቁጥር ጋር የሚገጥሙ አሃዞችም አሉ። ከፊደላቱ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የፋብሪካ መስመሮች መታየት አለባቸው። መስመሮቹ ከሌሉ ብሎኩ ተልጓል ወይም ቁጥሩ እንደገና ተመትቷል።

በዚያች ቦታ ላይ ያለው ጽሑፍ የ350 ቢሆንም፣ ዋጋ የሚሰጠው ሞተሩ ከመኪናው ጋር ከፋብሪካ የወጣ መሆኑ ነው። ከሌላ መኪና የመጣ 454 ያንን አይተካም። የግድ ቢግ ብሎክ የሚፈልግ ሰው የቀድሞውን ሞተር አይሽጥ፤ ሲሊንደሮቹን በዘይት ረጭቶ፣ የካንዴላ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀምጠው። የቀድሞውን የሚያሳድስም ቢሆን ብሎኩን ለቶርኖ ባለሙያው ሲያስረክብ ቁጥሩን በፎቶ ያንሳ፤ ባለሙያው የብሎኩን አናት ሲልግ ያችን ቦታ አብሮ ስለሚበላት፣ እንዳይነካት በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራ ትእዛዙ ወረቀት ላይም ያስጽፍ።